አየርን የመከልከል ብልሃት
ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ተለይተው የታወቁበት ታሪክና ለጋሞ ምድር የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

በጋሞ ደጋ ቆጮ የምታዘጋጅ እናት ሁሉ የምትጠብቀው አንድ ሕግ አለ። ይኸውም የተፋቀው እንሰት በቅጠል ተጠቅልሎና ተጠቅጥቆ በሚገባ ካልተከደነ ነፋስ ገብቶ ያበላሸዋል የሚለው ነው። ይህን ሕግ ለማወቅ የኬሚስትሪ ትምህርት አላስፈለጋትም፤ ከእናቷ አይታ ተማረች፥ ለልጇም እያሳየች ታስተምራለች። እኛም በላቦራቶሪ ትምህርታችን የዚሁ ሕግ ዘመድ የሆነ ነገር እንማራለን። አየር ሲነካቸው የሚሞቱ ባክቴሪያዎች አሉና፥ እነርሱን ለይቶ ማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ አየርን መከልከል አለበት።

ነገር ግን በቤት ውስጥ በጥንቃቄ የሚጠበቀው ነገር በሕክምና ቤት ብዙ ጊዜ ሲረሳ እናያለን። ከአንድ በሽተኛ ሆድ ወይም ከመንጋጋው ሥር መግል ይወጣል፤ መግሉም ክፉ ሽታ አለው። በዘንግ ላይ በተጠቀለለ ጥጥ ይነካና አየር እየመታው ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ከሁለት ቀን በኋላ «ምንም አልበቀለም» የሚል ወረቀት ይመለሳል። ሐኪሙ ወረቀቱን ያነባል፥ ያየውንም መግል ያስታውሳል፤ ሁለቱ ግን አይስማሙለትም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ባክቴሪያው ያልበቀለው ከመጀመሪያው ስላልነበረ ነውን? ወይስ እኛው በመንገድ ላይ ስለ ገደልነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ ከታሪክ መልስ መፈለግ ነው። በመጀመሪያ ያለ አየር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በዓለም እንዴት እንደ ታወቁ እናወሳለን፤ ቀጥለን በአገራችንና በጋሞ የሆነውን እንመለከታለን፤ በመጨረሻም በአርባ ምንጭና በአካባቢው ያለ ብዙ ወጪ ሊደረግ የሚቻለውን እናመለክታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ስለ ተሕዋስያኑ ጠባይ

ብዙዎቹ ፍጥረታት ያለ ኦክስጅን መኖር አይችሉም። በላቦራቶሪ ቋንቋ አናይሮብ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ግን ኃይላቸውን የሚያገኙት ያለ ኦክስጅን ነው፤ ከእነርሱም ጥብቅ የሆኑት ኦክስጅን ሲነካቸው ማደግ ያቆማሉ ወይም ይሞታሉ። የዚህም ምክንያት ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። በ1971 ማኮርድ፥ ኪልና ፍሪዶቪች የተባሉት ተመራማሪዎች እንደ ገለጡት፥ ኦክስጅን በሕዋስ ውስጥ ሲገባ መርዘኛ የሆነ ቅርፅ ይይዛል፤ አየር የለመዱት ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ የሚያፈርስ ኤንዛይም አላቸው፥ ጥብቅ አናይሮቦች ግን በአብዛኛው ይህ ኤንዛይም የላቸውም ወይም ጥቂት ብቻ ነው ያላቸው። ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርምር ነገሩ ከዚህም የተወሳሰበ መሆኑን ቢያሳይ፥ ዋናው ሐሳብ እስከ ዛሬ ይጠቅማል።

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። በጨንቻ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ታዲያ አየሩ ስለ ሳሳ ባክቴሪያዎቹ በደጋው ላይ ይድናሉ ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። የቀረው ኦክስጅን ጥብቅ የሆኑትን አናይሮቦች ለመግደል ከበቂ በላይ ነውና።

እነዚህ ተሕዋስያን ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች አይደሉም። በአፋችን፥ በድዳችን፥ በሴቶች የመራቢያ አካልና በአንጀታችን ይኖራሉ። በትልቁ አንጀት ውስጥ ባክቴሮይድስና ዘመዶቹ፥ ሁሉም የሚያውቀውን ኢ. ኮላይን በቍጥር ወደ ሺህ እጅ ያህል ይበልጡታል። በቦታቸው ሳሉ አይጎዱም፤ አንጀት ሲበሳ፥ ጥርስ ሲበሰብስ ወይም ከወሊድ በኋላ ማሕፀን ሲቈስል ግን ከቦታቸው ወጥተው መግል ይቋጥራሉ። ሌሎቹ፥ ማለት ክሎስትሪድየም የሚባሉት፥ ስፖር የተባለ ጠንካራ የዕረፍት መልክ ስላላቸው በአፈርና በእበት ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቈያሉ። የመንጋጋ ቆልፍ አምጪው ከእነዚህ አንዱ ነው።

፪. ከፓስተር እስከ ኪታሳቶ

ያለ አየር ሕይወት መኖሩን የሚያመለክት የመጀመሪያው ምልክት የታየው በ1680 ነው። ሌቨንሁክ የተባለው ሆላንዳዊ የመስተዋት መስሪያ ሰው በእሳት በተዘጋ ብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ደቂቅ ፍጥረቶችን አየ፤ ምን እንደ ሆኑ ግን ሊገልጥ አልቻለም። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከ180 ዓመት በላይ ሳይነካ ኖረ።

በ1861 ሉዊ ፓስተር የቅቤ አሲድ የሚሰጠውን መብላላት ይመረምር ነበር። ከሚብላላው ፈሳሽ አንዲት ጠብታ ወስዶ በሁለት መስተዋት መካከል አድርጎ ሲመለከት፥ በጠብታዋ መካከል ያሉት ዘንግ መሰል ተሕዋስያን ይዋኛሉ፤ አየር በሚነካው በጠብታዋ ዳር ያሉት ግን ፈዘው ቆመዋል። ከዚህ በፊት የታየው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ሌሎቹ ተሕዋስያን አየር ፈልገው ወደ ዳር ይሰበሰባሉና። ፓስተርም በሚብላላው ፈሳሽ ውስጥ አየር ሲያሳልፍበት መብላላቱ ተቋረጠ። በ1863 ለእነዚህ ተሕዋስያን ዛሬ የምንጠራበትን ስም አወጣላቸው። ልብ ማለት የሚገባን፥ ይህ ታላቅ ነገር የተገኘው ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ሳይሆን ከምግብ መብላላት ጥናት መሆኑን ነው።

ከዚህ በኋላ ፍለጋው ወደ በሽታ ዞረ። በ1884 ካርሌና ራቶኔ የተባሉ ጣልያኖች ከመንጋጋ ቆልፍ በሽተኛ ቁስል የወሰዱትን ለጥንቸሎች ሰጥተው በሽታው እንደሚተላለፍ አሳዩ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ኒኮላይር የአትክልት አፈር በአይጦች ቆዳ ሥር በማግባት ተመሳሳይ በሽታ አመጣ። ባክቴሪያውን በሚክሮስኮፕ ማየት ተቻለ፤ ነገር ግን ለብቻው ማራባት እምቢ አለ። አንዳንድ ሊቃውንትም ይህ ባክቴሪያ ከሌሎች ጋራ ተደባልቆ ካልሆነ በቀር ለብቻው መኖር አይችልም እስከ ማለት ደረሱ።

በ1889 በርሊን በኮኽ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ይህን አሳብ አፈረሰ። ብልሃቱ ሁለት ነበር። በመጀመሪያ የተደባለቀውን ከልቸር በ80 ዲግሪ ሙቀት እስከ አንድ ሰዓት ያህል አሞቀው፤ ሌሎቹ ሁሉ ሲሞቱ ስፖር ያለው ብቻ ተረፈ። ቀጥሎም የተረፈውን አየር አስወጥቶ በሃይድሮጅን ውስጥ አበቀለው። በዚህ ዐይነት ንጹሕ የሆነው የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። በ1890 ኪታሳቶ ከቤሪንግ ጋራ ሆኖ መርዙን የሚያከሽፍ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ እንደሚገኝ አስታወቀ፤ የክትባቱም መንገድ ከዚህ ተነሣ። እንግዲህ ዛሬ በአገራችን እናቶች ክንድ ላይ የሚሰጠው መርፌ ታሪኩ ሲቈጠር አየርን ከአንዲት ቱቦ ውስጥ ከማስወጣት ይጀምራል ማለት ነው።

፫. የመግሉ ሽታና የጦር ሜዳው አፈር

ከኪታሳቶ በኋላ ግኝቶች ተከታተሉ። በ1892 ዌልችና ነታል የጋዝ ጋንግሪን ዋና አምጪ የሆነውን ባክቴሪያ ገለጡ። በ1897 ቫን ኤርመንገም በቤልጅግ አገር ከተበላሸ የአሳማ ሥጋ የቦቱሊዝምን ባክቴሪያ አወጣ። ለዛሬው ሐኪም ቤት ግን ከሁሉ የሚቀርበው በ1898 በፓሪስ የታተመው የቬዮንና የዙበር ሥራ ነው። እነርሱ ከትርፍ አንጀት በሽታና ከሚሸቱ መግሎች ናሙና ወስደው ያለ አየር ሲያበቅሉት፥ በአየር ውስጥ ፈጽሞ የማይታዩ ብዙ ባክቴሪያዎች ወጡላቸው። ዛሬ ባክቴሮይድስ ፍራጂሊስ የምንለው የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ሽታውም ተራ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ ተረዳ፤ አናይሮቦች በመብላላት የሚያወጧቸው እንደ ቅቤ አሲድ ያሉት ነገሮች ናቸው የሚሸቱት። ፓስተር በፈሳሹ ያገኘው አሲድ በበሽተኛው መግል ዘንድ ተገኘ ማለት ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፈረንሳይና የቤልጅግ የእርሻ መሬት በከብት ፍግ የዳበረ ስለ ነበረ፥ በመድፍ ስባሪ የቈሰሉ ወታደሮች በጋዝ ጋንግሪን እጅግ ተጎዱ። ችግሩም ብልሃትን ወለደ። በ1916 ማኪንቶሽና ፊልድስ የተባሉ እንግሊዛውያን ክዳኑ የጠበቀ ማሰሮ ሠሩ፤ በውስጡ ሃይድሮጅን ይገባና፥ ፓላድየም በተባለ ብረት አማካይነት ከቀረው ኦክስጅን ጋራ ተዋሕዶ ውሃ ይሆናል፤ ኦክስጅኑም ያልቃል። በዚሁ ዓመት ሚዩሪየል ሮበርትሰን የተባለችው ሴት ተመራማሪ የተቀቀለ ሥጋ መራቢያን ለዚህ ሥራ አዋለች። የተፈጨ የበሬ ልብ በመረቅ ውስጥ ተቀቅሎ በቱቦ ሲቀመጥ፥ ሥጋው ራሱ ኦክስጅኑን ስለሚጠጣው በቱቦው ግርጌ አናይሮቦች ያድጋሉ። ይህ ሁለተኛው ብልሃት ርካሽ በመሆኑ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንናገር። በ1950 አሜሪካዊው ሀንጌት የላም ጨጓራ ተሕዋስያንን ሲያጠና አየር ፈጽሞ የማይገባበትን የቱቦ አሠራር አሳተመ። በ1966 ብሩወርና አልጋየር ሃይድሮጅን በትንሽ ከረጢት ውስጥ ከተቀመጠ ዱቄት እንዲወጣ ስላደረጉ፥ ትልቁ የጋዝ ጠርሙስ አላስፈለገም። በ1972 ሆልደማንና ሙር በቨርጂኒያ የአናይሮብ ላቦራቶሪ መምሪያቸውን አወጡ፤ ባክቴሪያዎቹን በሚያወጧቸው አሲዶች ዐይነት መለየትም ተስፋፋ። ከ2000 ወዲህ ደግሞ የባክቴሪያውን ፕሮቲን በጨረር መዝኖ በደቂቃዎች ውስጥ ስሙን የሚናገር መሣሪያና የዘር ንባብ በበለጸጉት አገሮች የተለመዱ ሆኑ። ይሁን እንጂ ፕሮቲኑን የሚመዝነውም መሣሪያ ቢሆን አስቀድሞ በሕይወት ደርሶ የበቀለ ባክቴሪያ ይፈልጋል። በመንገድ የሞተውን አያስነሣውም።

፬. በአገራችን የሆነው

በአዲስ አበባ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ስሙን የወሰደው አናይሮቦችን ለዓለም ካስታወቀው ሰው ነው። ከዚያ የተወለደው ተቋም በስምም በአደረጃጀትም ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተብሏል። ነገር ግን ከአናይሮቦች ሁሉ በአገራችን ብዙ ሰው የገደለው፥ ማለት የሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ፥ ይታወቅ የነበረው በላቦራቶሪ አይደለም። ሕፃኑ ተወልዶ ሁለት ቀን ያህል በደኅና ይጠባል፥ ያለቅሳል፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ አፉ አልከፈት ይላል፥ ሰውነቱም ይገተራል። ይህን ያየች እናት ወይም አዋላጅ ሚክሮስኮፕ አያስፈልጋትም። የዓለም ጤና ድርጅት የሕመሙ መለያ እንዲሆን ያወጣውም ይኸንኑ የዐይን ምስክር ነው።

መንስኤው ደግሞ እምብርቱ የተቈረጠበት ንጹሕ ያልሆነ ስለትና በቁስሉ ላይ የሚቀባው ነገር ነበር። መድኃኒቱ እናትን መከተብና በንጹሕ እጅ ማዋለድ ስለ ሆነ፥ በ1980 የተጀመረው የክትባት ፕሮግራምና በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ነገሩን ለወጡት። በ2011 ከሱማሌ ክልል በቀር በኢትዮጵያ ሁሉ፥ ያን ጊዜ ጋሞ ጎፋ ይባል የነበረው ዞን ጭምር፥ የእናቶችና የሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ የጤና ችግር ከመሆን መወገዱ ተረጋገጠ። በ2017 የሱማሌ ክልልም ተጨምሮ ማረጋገጫው ለመላው አገር ሆነ። ስፖሩ ግን ከአፈሩ አልጠፋም፤ ክትባቱ የተቋረጠ ዕለት በሽታው መመለሱ አይቀርም።

ሌላም ልንረሳው የማይገባ ነገር አለ። የከብት አርቢዎቻችን አባ ጎርባ የሚሉት በሽታ አምጪው ክሎስትሪድየም ሾቮይ የተባለ ጥብቅ አናይሮብ ነው። የአባ ጎርባን ክትባት ለመሥራት ባክቴሪያውን ያለ አየር በብዛት ማራባት ግድ ነው። በቢሾፍቱ የሚገኘው፥ በ1960ዎቹ የተቋቋመው፥ የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም ይህን ክትባት ሲያመርት ኖሯል። ስለዚህ «ይህ ጥበብ ለአገራችን ገና እንግዳ ነው» የሚል ሰው ቢኖር አልተመለከተም። ለበሬው ሲባል ያለ አየር ማብቀል በአገራችን እጅ የሚሠራ ሥራ ሆኗል። ለበሬው ጌታ የሆድ እባጭ ግን ይህ ድካም ገና አልተዳረሰም።

፭. የጋሞ ደጋ ጉድጓድ

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ እንሰቱ እንመለስ። በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተጀመረውና በ2004 ዩኒቨርሲቲ የሆነው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከቤልጅጉ የሌቨን ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመተባበር ስለ ጋሞ ደጋ እንሰት መብላላት ያደረገው ጥናት በ2018 ታትሟል። አጥኚዎቹ እንደ ጻፉት አሠራሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ሁለት ነገር በሁሉ ዘንድ አንድ ነው፤ የእንሰቱ ግንድ ይፋቃል፥ ከዚያም በጉድጓድ ወይም በቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ ሆኖ ይብላላል። ናሙናዎቹን ለሁለት ወር ያህል ተከታተሉ፤ የአሲዱን መጠንና የክሎስትሪድየምን ስፖር ጭምር ለኩ፤ በዘር ንባብም ባክቴሪያዎቹን ለዩ።

የተገኘው ነገር ለእኛ ትልቅ ትርጕም አለው። ሥራውን የሚጀምረው ሊኮኖስቶክ ሜሴንቴሮይድስ የተባለው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ነው። ከእርሱ በኋላ ላክቶባሲለስ፥ ቢፊዶባክቴሪየም ሚኒመምና ፕሬቮቴላ ፓሉዲቪቨንስ ይከተላሉ። ከእነዚህ መካከል የኋለኞቹ ሁለቱ አናይሮቦች ናቸው። ፕሬቮቴላ የሚለው ስም ደግሞ ለሐኪም ቤት ተማሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የዚሁ ወገን የሆኑ ሌሎች ዝርያዎች በድድና በጥርስ እባጭ፥ በሳንባ መግልም ውስጥ ዘወትር የሚገኙ ናቸው። የቆጮው ዝርያ ጉዳት ያመጣል ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። ለማለት የፈለግነው፥ የጋሞ እናት አየርን በመከልከሏ ምክንያት አየር የማይወዱ ተሕዋስያን በእጇ ሥር ሲያድጉ መኖራቸውን ነው።

ይህችው እናት ራሷ ታማ ከሆዷ መግል ቢወጣ፥ መግሏ የቆጮዋን ያህል ከነፋስ ይጠበቅ ይሆን? እኛ ከምናውቀው ልማድ ስንፈርድ መልሱ አስደሳች አይደለም። በአገራችን ስለ ቁስል ኢንፌክሽን የታተሙትን ጥናቶች የሚያነብ ሰው በመጨረሻቸው ላይ አናይሮቦች እንዳልተመረመሩ የሚናገር ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ያገኛል። ያ ዐረፍተ ነገር እውነተኛና ክቡር ነው። በሐኪሙ እጅ በሚገባው የውጤት ወረቀት ላይ ግን አይጻፍም።

፮. ክርክሩና መልሱ

እዚህ ላይ ሦስት መቃወሚያ ሊቀርብብን ይችላል። የመጀመሪያው፥ «የመንጋጋ ቆልፍ ያለ ከልቸር ድል ከተነሣ፥ ለሌሎቹ ከልቸር ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ይህ ጠንካራ መቃወሚያ ነው። ነገር ግን መንጋጋ ቆልፍ አንድ ባክቴሪያ፥ አንድ መርዝና አንድ የማይሳሳት መልክ ያለው በሽታ ነው፤ ክትባትም አለው። የሆድ እባጭ ግን በአንድ ጊዜ አምስትና ስድስት ዐይነት ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ ክትባትም የለው። ዐይን ብቻ አይበቃውም።

ሁለተኛው፥ «ሜትሮኒዳዞል ከሰጠን ይበቃል» የሚል ነው። የዚህ መድኃኒት ታሪክ ራሱ አስገራሚ ነው። በ1962 ሺን የተባለው እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም፥ ለሌላ በሽታ ሜትሮኒዳዞል የወሰደች አንዲት ሴት የድድ ሕመሟም አብሮ እንደ ዳነ ጻፈ፤ መድኃኒቱ አናይሮቦችን እንደሚገድል የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። እርግጥ ዛሬም ብዙ ሰው ያድናል። ሆኖም አክቲኖማይሲስን የመሳሰሉት በተፈጥሮ አይበገሩለትም፤ ከባክቴሮይድስም መካከል የተላመዱት በልዩ ልዩ አገር ተገኝተዋል። እንደ ጄንታማይሲን ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ ወደ ባክቴሪያው ለመግባት ኦክስጅን የሚፈልግ መንገድ ስላላቸው በአናይሮብ ላይ ከንቱ ናቸው። «ምንም አልበቀለም» የሚለውን ወረቀት አምኖ ሜትሮኒዳዞሉን ያቋረጠ ሐኪም በሽተኛውን በእውነት ይጎዳዋል።

ሦስተኛው መቃወሚያ፥ «መሣሪያው ውድ ነው» የሚል ነው። ስለ ጨረሩ መሣሪያና ስለ ዘር ንባቡ ከሆነ እንስማማለን። ነገር ግን የሥራው ሥር ቀላል ነው። መግሉ በጥጥ ሳይሆን በስሪንጅ ይቀዳ፤ በስሪንጁ ውስጥ ያለው አየር ይውጣ፤ መርፌው ተነቅሎ አፉ ይደፈን፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይድረስ፤ በማቀዝቀዣም አይግባ። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መንገድ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ ከደጋው የሚላክ ናሙና በዚህ ጊዜ ላይደርስ ይችላል፤ እንግዲህ በአልጋው አጠገብ ወዲያው በተቀቀለ ሥጋ ቱቦ ውስጥ ይግባ። የበሬ ልብ በአርባ ምንጭ ገበያ አይጠፋም፤ ማንደጃና ማምከኛም በላቦራቶሪው አለ። ቱቦው ከመሥራቱ በፊት ተፈልቶ አየሩ መውጣት እንዳለበት ብቻ አይረሳ።

በላቦራቶሪውም በመጀመሪያ ግራም ቀለም ይቀባ። ቅርጻቸው የተለያየ ብዙ ባክቴሪያዎች በሚክሮስኮፕ ታይተው በአየር ውስጥ ካልበቀሉ፥ አናይሮብ ሳይኖር አይቀርም ብሎ መናገር ይቻላል። ከዚህ የሚያልፍ ላቦራቶሪ ማሰሮውን ይጠቀም። በብዙ ቦታ የተለመደው የሻማ ማሰሮ ለዚህ አይሆንም፤ ሻማው የሚጠፋው ገና ከመቶ አሥራ ስድስት ያህል ኦክስጅን ሲቀር ነውና፥ ነበልባሉ ስለ ጠፋ አየሩ አልቋል ማለት ስሕተት ነው። በማሰሮው ውስጥ ሚቲሊን ሰማያዊ ቀለም ይቀመጥ፤ ቀለሙ ሲነጣ ኦክስጅኑ ማለቁን ይመሰክራል። ከ48 ሰዓት በኋላ የታየው ኮሎኒ ሁሉ በሁለት ሳህን ይዘራ፤ አንዱ በአየር፥ አንዱ በማሰሮ ይቀመጥ። በማሰሮው በቅሎ በአየር ያልበቀለው እርሱ አናይሮብ ነው። ቫንኮማይሲን፥ ካናማይሲንና ኮሊስቲን የተነከሩባቸው ወረቀቶች ሲቀመጡበት ሦስቱንም የሚቋቋምና በሐሞት ላይ የሚያድግ ግራም ነጌቲቭ ዘንግ ከባክቴሮይድስ ፍራጂሊስ ወገን ነው። ቬዮንና ዙበር በ1898 ያዩትን በዚህ ያህል ዕቃ ማየት ይቻላል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የአናይሮቦች ታሪክ አየርን የመከልከል ታሪክ ነው። ፓስተር በጠብታው መካከል፥ ኪታሳቶ በሃይድሮጅን፥ ሮበርትሰን በተቀቀለ ሥጋ፥ ፊልድስ በማሰሮ አየርን ከለከሉ፤ የተከለከለበት ቦታ ሁሉ ያልታየው ታየ። በጋሞ ደጋም ይኸው ሥራ በእንሰት ቅጠል ሲሠራ ኖሯል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናለን። የመጀመሪያው ምንም ወጪ የለበትም። አናይሮብ ያልመረመረ ላቦራቶሪ «ምንም አልበቀለም» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «በአየር ውስጥ የሚያድግ ባክቴሪያ አልተገኘም፤ ያለ አየር የሚያድገው አልተመረመረም» ብሎ ይጻፍ። በዚህ አንድ መስመር ሐኪሙ አይሳሳትም፥ በሽተኛውም የሚገባውን መድኃኒት አያጣም። ሁለተኛው ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን ነው። አንዱን መግል በጥጥና በስሪንጅ ወስዶ፥ ሁለቱንም በአንድ ዐይነት መራቢያ አብቅሎ ልዩነቱን መቍጠር ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው፤ በአካባቢያችንም ምን ያህል እንደሚያመልጠን በቍጥር ይነግረናል።

በጻፍነው ውስጥ ስሕተት ያገኙ መምህራንና ጓደኞች እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።